ኮከብ የታተመባት ዳቦ

የልጄ የናሆም ክፍል እናቶች በቴሌግራም የከፈቱት ቡድን አለ። ስሙን «ምሳ ዕቃ» ብለነዋል። እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ የሳምንቱ ጋገራ ሲጀመር፣ ስልኬ ዕረፍት የለውም፤ አንዷ የሙዝ ኬክ አውጥታ ፎቶውን ትልካለች፣ ሌላዋ ካሮት የተፈቀፈቀበት ዳቦ፣ ሌላዋ የአጃ ብስኩት፣ አንዲት ደግሞ ቆስጣ የተለወሰበት አምባሻ ጋግራ «ልጆቼ እየለመኑኝ ነው የሚበሉት» ብላ ትምላለች፤ እኛም ያመንናት መስለን አበባ እንልክላታለን። ባለፈው ሳምንት አዲስ የገባች እናት «ውስጡ ተምር ያለበት ትንንሽ ዳቦ እንዴት እንደሚሠራ የምታውቅ አለች?» ብላ ጠየቀች። አውቃለሁ። ከቡድኑ ውስጥ እንደኔ የሚያውቀው ሰው እንደሌለም አውቃለሁ። ግን ስልኩን ገልብጬ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

በማግስቱ ከሥራ ስመለስ ፈረስ መጋላ ላይ ከባጃጅ ወረድኩና እግሬ ወስዶ ተምር የሚሸጥበት ሱቅ ፊት አቆመኝ። ረመዳን ሊገባ ስለነበር ተምሩ በካርቶን በካርቶን ተደርድሯል። ገዛሁ። ቤት ገብቼ ፍሬውን እያወጣሁ በትንሽ ውኃ እሳት ላይ ጣድኩት፣ ሄል ወቅጬ ነሰነስኩበት፤ ተምሩ ሟሙቶ መንተክተክ ሲጀምርና ሽታው ወደ ፊቴ ሲወጣ፣ ድስቱ ላይ እንዳጎነበስኩ የዐሥር ዓመት ልጅ ሆንኩ።

ያኔ ቤታችን ከጀጎል ግንብ ውጪ፣ ከሸዋ በር ብዙም የማይርቅ፣ ቅድመ አያቴ ከሸዋ መጥተው የሰፈሩበት ግቢ ውስጥ ነበር። ሁለት ክፍል፣ አንድ የሮማን ዛፍ፣ ጓሮ ደግሞ ለብቻዋ የቆመች ማድ ቤት። እማዬ እዚያች ማድ ቤት ውስጥ ከአሮጌ በርሜል ተቆርጦ የተሠራላት መጋገሪያ ነበራት፤ ከሥር ከሰል፣ ከላይ ከሰል፣ መካከሉ ላይ ዳቦ። ሰፈሩ ሁሉ በአክብሮት «አዴ» ብሎ የሚጠራቸው፣ ግንቡ ውስጥ የሚኖሩ ቅመም ነጋዴ አዴ ዘይነባ በየዒዱ በሳህን የሚልኩልንን የተምር ጣፋጭ እማዬ ቀምሳ ቀምሳ በመጨረሻ ከኛ ዳቦ ጋር አጋባችው። መዳፍ የምታክል ድቡልቡል ሊጥ ታደርግና ሆዷን ከፍታ ተምር በሄል ትሞላታለች፣ አፏን ትዘጋለች፣ ከላይ ጥቁር አዝሙድ ትነሰንስባታለች። በፍስክ በቅቤ፣ በጾም በዘይት። አዴ ዘይነባ የቀመሱ ዕለት ዐይናቸውን ጨፍነው ቆዩና «ማሻ አላህ፤ ልጄን ዳሪልኝ ብልሽ የልጅ ልጅ አመጣሽልኝ» አሏት። እማዬ ይህን ለዓመታት ስታወራው ኖራለች።

በመጨረሻ የምትሠራት ነገር ነበረች። ቂጡ ላይ ኮከብ የተቀረጸበት የሻይ ብርጭቆ ነበራት፤ ያቺን ወስዳ እያንዳንዷን ዳቦ ጫን ታደርግባታለች፤ ኮከብ ታትማ ትቀራለች። ብርጭቆዋ ወድቃ ከሥር ስለተሸረፈች ኮከቧ አንድ ጫፍ ጎድሏታል። «ይቺ የኔ ማኅተም ናት» ትል ነበር እማዬ፤ «ሐረርን ብታስሺ ሁለተኛ የላትም።»

ጎሕ ሲቀድ የመጋገሪያው ክዳን ሲከፈት እሰማለሁ። ከአልጋዬ ወርጄ፣ ጋቢ ተከናንቤ፣ ከሰሉ አጠገብ ቁጢጥ እላለሁ። የመጀመሪያዋ ዳቦ የኔ ናት። «ቅመሺና ፍረጂ» ትለኛለች፤ እኔም እንደ ትልቅ ሰው አኝኬ፣ አስቤ፣ «ሄሉ በዝቷል» ወይም «ዛሬስ ቀንቶሻል» እላለሁ። በዓለም ላይ የኔን ፍርድ የሚጠብቅ ሰው እማዬ ብቻ ነበረች።

ከዚያ ድልድል ነው። ለኔ ምሳ ዕቃ ሦስት፣ ለአባዬ ደግሞ ለመንገድ በጨርቅ የተቋጠረ አንድ ጥቅል። አባዬ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ ከሐረር አትክልት ጭኖ ወደ ድሬዳዋ ይወርዳል፣ አንዳንዴም ጅጅጋ ይሄዳል፣ ሲመለስ የሱቅ ዕቃ ይጭናል። ሳቂታ፣ ጠይም፣ ጆሮው ትንሽ ወደ ፊት የወጣ ሰው ነው። መኪናው ቶሎ ቶሎ ስለሚበላሽበት ብዙ ጊዜ መንገድ ያድር ነበር። እኔ እንዲያውም ለመኪናዋ አዝንላት ነበር፤ ማታ ስጸልይ አባዬን ጠብቅልኝ ካልኩ በኋላ ሞተሩንም እጨምራለሁ። የኔ ስም ትርሲት ነው፤ እሱ ግን «አለቃዬ» ነበር የሚለኝ። ከመኪናው ሲወርድ «አለቃዬ፣ ምን ትእዛዝ አለ?» ብሎ ወታደራዊ ሰላምታ ይሰጠኛል። ብቸኛ ልጅ ነበርኩ። እኅት አምጡልኝ እያልኩ እማዬን ስጨቀጭቃት «እግዜርን ለምኚው፣ እኔ ጋግሬ አላወጣልሽ» ትለኝ ነበር።

ትምህርት ቤት ውስጥ ዳቦዬ ዝነኛ ነበረች። በዕረፍት ሰዓት ምሳ ዕቃ ሲከፈት አንዷ ዳቦ በሁለት ሳምቡሳ ትለወጣለች፤ በጾም ወቅትማ ተፈላጊነቷ ጨምሮ ቦንቦሊኖ ይዘው የሚለምኑኝ ነበሩ። እኔ ደግሞ ከአዴ ዘይነባ የተማርኩትን የገበያ ኩራት እኮራለሁ፤ መጀመሪያ እንቢ ማለት፣ ቀጥሎ መተከዝ፣ በመጨረሻ እያዘኑ መሸጥ።

ሂሩት የመጣችው ጥምቀት ባለፈ ሰሞን ነው። ከድሬዳዋ ተዛውራ ዓመቱ ከተጋመሰ በኋላ ገባች። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ጸጉሯ በሁለት የተጎነጎነ። ሌላ ባዶ ቦታ እያለ መጥታ እኔ ዴስክ ላይ ተቀመጠች። አስተማሪያችን ስም ሲጠሩ «ሂሩት ተስፋዬ» አሉ፤ ትንሽ ቆይተው «ትርሲት ተስፋዬ» አሉና መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው «እኅትማማቾች ናችሁ እንዴ?» ብለው ቀለዱ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጆቹ «እኅትማማቾቹ» እያሉ ጠሩን፤ እኔም ደስ አለኝ። ጸጉሬን በዕረፍት ሰዓት ትጎነጉንልኛለች፣ እኔ ደግሞ ከዳቦዬ ያለ ልውውጥ እሰጣታለሁ። እሷ ቀስ ብላ፣ ዐይን ዐይኔን እያየች ትበላለች።

አንድ ቀን፣ ዐቢይ ጾም ሊገባ ጥቂት ሲቀረው፣ ቢጫ ምሳ ዕቃዋን ከፈተችና ወደኔ ገፋ አደረገችው። ውስጡ ሁለት ድቡልቡል ዳቦዎች አሉ። ጥቁር አዝሙድ። ኮከብ። አንድ ጫፍ የጎደላት ኮከብ።

መጀመሪያ የመሰለኝ የራሴን የሰረቀችኝ ነው። የኔን ምሳ ዕቃ ከፈትኩ፤ ሦስቱም አሉ።

«ማን ነው የጋገረልሽ?»

«አባቴ ነው ያመጣልኝ» አለች። «ሁልጊዜ ያመጣልኛል።»

«ከየት?»

«ከመንገድ። ሹፌር ነው።» ምሳ ዕቃዋን አየች። «ዛሬ ጠዋት 'አለቃዬ፣ ምሳሽን ጨርሺ' ብሎኛል።»

ጆሮዋን አየሁት። ወደ ፊት ወጣ ያለ ነው። ደወል ተደወለ፤ ልጆቹ ተንጋግተው ገቡ፤ አስተማሪያችን የምን ትምህርት እንዳስተማሩ ዛሬም አላውቅም።

የዚያን ቀን ማታ አባዬ ከመኪናው ሲወርድ እንደ ወትሮው እጁን ወደ ግንባሩ አነሣና «አለቃዬ፣ ምን ትእዛዝ አለ?» አለኝ።

«የትኛዋ አለቃህ?» አልኩት።

እጁ ግንባሩ ላይ ቀረ። ወደ ማድ ቤቱ ተገላመጠ፤ እማዬ እዚያ ሆና ሽንኩርት እየከተፈች የምታንጎራጉረው ይሰማል። ብብቴ ሥር ይዞ አነሣኝና መኪናው ጋቢና ውስጥ አስገብቶ በሩን ዘጋ። ናፍጣና ሽንኩርት የሚሸተው ያ ጋቢና ከዚያ በፊት ለኔ ቤተ መንግሥት ነበር።

«ማን ነገረሽ?» አለ።

«ኮከቧን አየኋት።»

መሪውን ይዞ፣ መኪናው የሚሄድ ይመስል ፊት ለፊት አየ። ከዚያ ድምፁን አለስልሶ ተናገረ። ሂሩት ልጁ መሆኗን፣ እናቷም ጥሩ ሰው መሆኗን፣ ለእማዬ ራሱ እንደሚነግራት፣ ፋሲካ ብቻ እንዲያልፍ። «አንቺ ከተናገርሽ ግን ቤታችን ይፈርሳል፤ ያፈረሰችው ደግሞ ትርሲት ናት ይባላል። እንደዚያ ትፈልጊያለሽ?» አለኝ። አልፈልግም ብዬ ጭንቅላቴን ነቀነቅሁ። እጄን ወስዶ አንገቴ ላይ ያለው ማተብ ላይ አስቀመጠው። «በይ፣ በማተቤ በይ።»

አልኩ።

ከዚያ በኋላ ያለው ጾም በሕይወቴ ረጅሙ ጾም ነው። ጎሕ ሲቀድ ክዳኑ ይከፈታል፤ እኔ ጋቢዬን ተከናንቤ ቁጢጥ እላለሁ፤ እማዬ ከሰሉ ፊቷን እያቀላው «ቅመሺና ፍረጂ» ትለኛለች። አኝካለሁ፣ አይወርድልኝም። «ጥሩ ነው» እላለሁ። «ምነው፣ ዛሬስ ፍርዱ አጠረ?» ትለኛለች እየሳቀች። ከዚያ ጨርቁን ዘርግታ «ለአባትሽ ጨምሪለት፤ መንገዱ ጎድቶታል፣ ከስቷል» ትለኛለች፤ እኔም በገዛ እጄ እጨምራለሁ። እያንዳንዷ ኮከብ የት እንደምትደርስ እያወቅሁ። አባዬ ጥቅሉን ሲቀበል ከእማዬ ትከሻ በላይ ያየኝና በዐይኑ ይጠቅሰኛል። ያ ጥቅሻ ቀድሞ የሁለታችን ጨዋታ ነበር። አሁን ግን ባየሁት ቁጥር ዐይኔን ወደ ከሰሉ እመልሳለሁ።

ለሂሩትም ምንም አላልኳትም። እሷ ምንም እንደማታውቅ፣ አባቷ ከዳቦ ቤት እንደሚገዛላት እንደምታስብ እርግጠኛ ነበርኩ። ምሳ ዕቃዋን ከፍታ ወደኔ ገፋ ታደርጋለች፤ እኔ ዐይኔን ወደ መስኮት አዞራለሁ። አንዳንዴ አንድ ነገር ልትናገር እንደፈለገች ሁሉ አፏን ከፍታ መልሳ ትዘጋዋለች። ጸጉሬን መጎንጎን ተወች።

ፋሲካ አለፈ። ዳግም ትንሣኤም አለፈ። አባዬ አልተናገረም። አንድ ቀን ድፍረት አግኝቼ «አባዬ፣ መቼ ነው?» ስለው «አለቃዬ፣ አታስጨንቂኝ» አለኝና ከረሜላ ሰጠኝ።

ትምህርት ሲዘጋ የወላጆች ቀን ተደረገ፤ እናቶች ሁሉ እቤታቸው የጋገሩትን ይዘው እንዲመጡ ተባለ። ግቢው ውስጥ ረጅም ጠረጴዛ ተዘርግቶ አምባሻው፣ ድፎው፣ ዳቦ ቆሎው፣ ጣፋጩ ተደርድሯል። እማዬ ጥልፍ ያለውን ቀሚሷን ለብሳ፣ ትልቁን ትሪ በነጭ ጨርቅ ሸፍና መጣች። ጨርቁን ስታነሣ ልጆቹ ተንጫጩ። እኔ ከጀርባዋ ቆሜ ዐይኔ ሂሩትን ይፈልጋል፤ እንዳትመጣ እጸልያለሁ። መጣች። ልጆቹን እየገፋች ቀጥ ብላ መጣችና ከትሪው አንዷን አንሥታ ጫፏን ቀመሰች።

«እትዬ» አለች፣ ከፍ ባለ ድምፅ። «ይቺን አባቴ ሁልጊዜ ያመጣልኛል።»

እማዬ ሳቀች። «የኔን? የኔ ልጅ፣ ሌላ ዳቦ ይሆናል።»

«አይደለም። ይችው ናት። ኮከቧ እንዲህ ነው የተሰበረችው።»

«አባትሽ ማን ይባላል?»

«ተስፋዬ። የመኪና ሹፌር ነው።»

የእማዬ ሳቅ ወዲያው አልጠፋም፤ ፊቷ ላይ ቆየ፣ የሚሄድበት ያጣ ይመስል። የልጅቷን ግንባር አየች፣ ዐይኗን አየች፣ ጆሮዋን አየች። ከዚያ በነጠላዋ ጫፍ ከሂሩት አገጭ ላይ ፍርፋሪ ጠረገችላትና «ብይ» አለቻት። «ብይ እንጂ፣ የኔ ልጅ።» ትሪውን እዚያው ትታ፣ እጄን ይዛኝ ወጣች። መንገድ ላይ እጄን አልለቀቀችውም፤ እስከ ቤታችን ድረስ ጠበቅ አድርጋ ይዛኝ ነበር። እጄን እንደዚያ አድርጋ ስትይዘኝ ያ የመጨረሻው ይሆናል ብዬ አላሰብኩም።

እሑድ ሽማግሌዎች ተቀመጡ። የንስሐ አባታችን፣ ጎረቤታችን ጋሽ መርዕድና የአባዬ አጎት። እኔ ከጓዳው መጋረጃ ኋላ ነበርኩ። አባዬ መጀመሪያ ካደ፤ ቀጥሎ አለቀሰ፤ ቀጥሎ ተቆጣ። ቤቴን አላጎደልኩም፣ ልጄን አላስራብኩም አለ። እማዬ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው።

«በእጄ የጋገርኩትን ለመንገድህ ነው ብዬ ስሰጥህ፣ እዚያ ስትወስድ፣ እጅህ እንዴት እሺ አለህ?»

ሽማግሌዎቹ አባዬን እያዩ ጠበቁ። ያኔ ነው የተናገረው።

«ይህን ያህል ክፉ ነገር ከሆነ ልጅቷስ ለምን ዝም አለች? ትርሲት ታውቃለች። ከጾሙ በፊት ጀምሮ ታውቃለች። ሕፃኗ እንኳ ተቀብላው ዳቦውን በገዛ እጇ ስትጠቀልልልኝ ኖራለች፤ ጠይቋት!»

ማንም አልጠየቀኝም። ጋሽ መርዕድ «ልጅ አታስገባበት፣ ነውር ነው» አሉት። የንስሐ አባታችን አቀረቀሩ። እማዬ ግን ወደ መጋረጃው ዞረች። በክፍተቱ ዐይን ለዐይን ተገጣጠምን። ማተቤን ይዤ ነበር፤ ልንገራት፣ አስምሎኝ ነው ልበላት ስል እሷ ፊቷን መለሰች።

አባዬ የዚያኑ ሳምንት ልብሱን ጭኖ ሄደ። ክረምቱ ሳያልቅ ከሂሩትና ከእናቷ ጋር ወደ ድሬዳዋ ገቡ ተባለ። መስከረም ላይ ዴስኬ ላይ ሌላ ልጅ ተቀመጠች።

እማዬ አልመታችኝም፣ አልተቆጣችኝም፣ አላኮረፈችኝም። ለሰው ልብስ እየሰፋች አሳደገችኝ፣ አስተማረችኝ፣ ዳረችኝ። ስታመም አጠገቤ ታድር ነበር። ግን ከዚያ እሑድ በኋላ ጎሕ ሲቀድ የማድ ቤቱ በር ከውስጥ ይቀረቀር ጀመር። ጋቢዬን ተከናንቤ ስወጣ በሩ ዝግ ነው። ትንሽ ቆይቶ እማዬ ከውስጥ ትወጣና በወረቀት የተጠቀለለ ምሳ ትሰጠኛለች፤ የፉርኖ ዳቦ በማርማላታ። ምሳ ዕቃዬን የሚለምን ልጅ ጠፋ። «ቅመሺ» የምትለውን ቃል ከዚያ በኋላ ከአፏ አልሰማኋትም፤ ለእንግዳ ትላለች፣ ለጎረቤት ትላለች፣ ለኔ አትልም።

አንድ ቀን ትጠይቀኛለች ብዬ ጠበቅሁ። መልሱን አዘጋጅቼ ነበር፤ በልጅነቴ በልጅ ቃል፣ ካደግሁ በኋላ በትልቅ ሰው ቃል። ራሴ ልጀምረው ብዬ ብዙ ጊዜ አጠገቧ ተቀምጬ አውቃለሁ፤ የአባዬ ስም ሲነሣ ግን መርፌዋን ታነሣና ክር ማስገባት ትጀምራለች። እንደዚያው ሳትጠይቀኝ ዐረፈች።

አባዬ የሞተው አምና ነው። መርዶው ሲመጣ አልሄድም ብዬ ነበር፤ ባለቤቴ «ለሰው ይሉኝታ» ብሎ አስገደደኝና ወደ ድሬዳዋ ወረድኩ። ድንኳን ውስጥ አንዲት የአባቴ ዘመድ እጄን ይዛ ወስዳ ጥቁር ከለበሰች ቀጭን ሴት አጠገብ አስቀመጠችኝና «ይቺ ታናሽሽ ናት፤ ሂሩት ትባላለች» ብላ አስተዋወቀችኝ፣ ተያይተን የማናውቅ ይመስል። ከጎኗ እንደተቀመጥኩ «አንቺ እንኳ ምንም አታውቂም ነበር» አልኳት። «የዚያን ጊዜ። ሕፃን ነበርሽ።»

ሂሩት ቀና ብላ አየችኝ።

«አውቅ ነበር» አለች። «ሐረር ከመምጣታችን በፊት ነግሮኛል። 'እኅት አለችሽ፣ ትርሲት ትባላለች፣ ክፍል ውስጥ ታገኚያታለሽ። ግን እኅትሽ እንደሆንሽ ከነገርሻት አባት የለሽም' አለኝና በማተቤ አስማለኝ።»

«ታዲያ ዳቦውን…»

«ምላሴን ነው ያስማለኝ፤ ምሳ ዕቃዬን አላስማለኝም።» በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። «አይተሽ እንድታውቂ ብዬ ነው የከፈትኩልሽ። አወቅሽ፤ ፊትሽን አይቼዋለሁ። ከዚያ እኅቴ ትለኛለች ብዬ ጠበቅሁ። በየቀኑ እየከፈትኩ ጠበቅሁ። አንቺ ወደ መስኮት ዞርሽ። አልፈለገችኝም አልኩ። ለእናትሽ የተናገርኩትም ተናድጄብሽ ነው።»

«እኔንም አስምሎኝ ነበር» አልኳት።

እጇ ወደ አንገቷ፣ ወደ ማተቧ ሄደ። ያ ሰው በሁለታችን አንገት ላይ እጁን አሳርፎ፣ አንድ ክፍል ውስጥ አስገብቶን፣ አንዳችንን ከሌላችን ቆልፎ፣ በእርጋታ መኪናውን ሲነዳ ኖሯል። እማዬን ወሰደብኝ፤ ይህን ድሮም አውቀው ነበር። እኅት ስጠኝ ብዬ እግዜርን በለመንኩበት ዕድሜ፣ ልመናዬ ተሰምቶ እኅቴ አጠገቤ መጥታ ተቀምጣ ጸጉሬን ስትጎነጉን፣ እሷንም እንደወሰደብኝ ግን ያን ቀን ነው ያወቅሁት። አሁን እኔም እሷም ጸጉራችን ሸብቷል። ከዚያ ወዲህ በበዓል በበዓል እንደዋወላለን፤ እንዴት ነሽ፣ ልጆች ደህና ናቸው እንባባላለን፤ ቶሎ ወሬ ያልቅብናል። አብረው ያላደጉ እኅትማማቾች የሚያነሡት የጋራ ነገር የላቸውም፤ የኛ የጋራ ነገር እሱ ብቻ ነው፣ እሱን ደግሞ ማንሣት አንፈልግም።

ያን ዕለት አዲስ ለቀስተኞች ወደ ድንኳኑ ሲገቡ አብረን ተነሣን። «እግዜር ያጥናችሁ» አሉን። እንባዬ መጣ፤ ልገታው ብል አልቻልኩም፤ እየተንሰቀሰቅሁ አለቀስኩ። ሴቶቹ ደግፈው አስቀመጡኝና «ምስኪን፣ ለካ አባቷን እንዲህ ትወድ ኖሯል» ተባባሉ።